ሁለቱ ራሞች እኩል የሄዱ ዕለት

ከሚሌኒየሙ በፊት ባሉት ዓመታት ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ አጠገብ የጽሕፈት ቤት ነበረኝ። ጽሕፈት ቤት ልበለው እንጂ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩን የገዛልኝ ቡና ነጋዴው ታላቅ ወንድሜ ስለሆነ በሁሉም ነገር አዋቂው እሱ ነበር። "ካልሆነልሽ እዘጋውና መጋዘኔ ገብተሽ ቡና ትለቅሚያለሽ" ይለኛል እየሳቀ። እኔን አያስቀኝም ነበር፤ እንደሚያደርገው አውቃለሁና።

አንድ ክረምት ከጎረቤት ከተማ ከአማን አንድ መምህር የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ መጣ። ሰኞ ማለዳ በሚወጣው አውቶቡስ ይዞት መሄድ አለበት። ጽሑፉ በፎቶግራፍ የታጨቀ ስለነበር ማሽኑ አንድ ገጽ ለመክፈት ያቃስታል። ወንድሜ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ "ካላችሁ ሁሉ ፈጣኑን ስጡኝ" ብሎ የገዛውን ራም አመጣልኝ። ራም ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ የሚዘረጋባት ስስ ሰሌዳ ናት። የከተማችን ጠጋኝ አዲሷን ከአሮጌዋ ጎን ሰካት። ወንድሜ ራስጌው ቆሞ "በሙሉ ፍጥነቷ ትሂድ እንጂ! ፍጥነቷን አይደል የገዛሁት?" ሲለው፣ ጠጋኙ ሊያስቀይመው አልፈለገምና ፍጥነቱን ከፍ አደረገው።

ማሽኑ ግማሽ ሰዓት በረረ፤ ከዚያ ደርቆ ቀረ። ቅዳሜ ብቻ ሦስት ጊዜ የጻፍኩትን በላብኝ። መምህሩ አግዳሚው ላይ ጃንጥላውን ታቅፎ ተቀምጦ የእጅ ሰዓቱን ያያል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገመዱን ነቅዬ ሆዱን ከፈትኩት። ሁለቱን ራሞች አውጥቼ የተለጠፈባቸውን የፍጥነት ቁጥር አነበብኩ፤ አዲሷ 400፣ አሮጌዋ 266። መልሼ ሰክቼ ሳበራው መጀመሪያ በሚመጣው ጥቁር ገጽ ላይ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል፣ ፕሮሰሰሩም፣ ከራሞቹ ጋር በ266 እንደሚገናኝ አየሁ። በንዴት ሳቅኩ። አሮጌዋን ከአቅሟ በላይ እያስሮጥናት ኖሯል፤ ለፕሮሰሰሩም ጥድፊያው ምንም አይፈይድለትም።

በዚህ መሃል ወንድሜ ገባ።

"ማን ፍቺው አለሽ?"

"ጋሼ፣ የቡና መፈልፈያህን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ብታሽከረክረው እሸት ቡናው ምን ይሆናል?"

"ይሰባበራላ! ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?"

ቁጥሮቹን የጻፍኩበትን ደብተር አሳየሁት። ጣቱን እያስኬደ ሁለት ጊዜ አነበበና ጢሙን አሻሸ።

"እና የኔዋ ፈጣን ዝግ ብላ ልትሄድ ነው?"

"አብረው እንዲሄዱ።"

በዚያው ጥቁር ገጽ ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ሁለቱንም በ266 አደረግኳቸው። መምህሩን አስጠርቼ የጠፋውን እንደገና ጻፍን፤ ማሽኑ አንዴም አልደረቀም። የመጨረሻው ገጽ ከፕሪንተሩ ሲወጣ መምህሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ኮራሁ፤ ለምን እደብቃለሁ? ያን ዕለት ምሳ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጠጋኙ ሥራውን ሊያይ መጣ። ወንድሜም እዚያው ነበር። ጠጋኙ ማሽኑን አብርቶ ግንባሩን ቋጠረና እንደ ልማዱ ወደ ወንድሜ ዞረ።

"ጋሼ፣ ፍጥነቱን ማነው ያወረደው? ልመልሰው እንዴ?"

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?" አለው ወንድሜ። "ቤቱ የሷ ነው፤ እሷን ጠይቃት።"