ለቤዙ የተገዛው ትልቅ ሣጥን

የመስኮቴ መስታወት ሲንቀጠቀጥ ቤዝ ጊታር እየተመታ መሆኑን አውቃለሁ። ከታች ባለው ጸሎት ቤት መዘምራኑ ሲለማመዱ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ነፋስ ይወስደዋል፤ ቤዙ ግን በመሬት መጥቶ በእግሬ ይገባል። ጆሮዬ ደክሟል፣ እግሬ ግን ይሰማል። ያን ጊዜ ጣቶቼ ጭኔ ላይ ብቻቸውን ይንቀሳቀሳሉ። አያቴ ጃጀች እንዳትይ። በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ እዚሁ ሶዶ፣ ያን መሣሪያ የምመታው እኔ ነበርኩ።

ወደውና ፈቅደው የሰጡኝ እንዳይመስልሽ። ይመታ የነበረው ልጅ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ሄደ። የቀሩት ወንዶች ሁሉም ዜማውን የሚመራውን ሊድ ጊታር ፈለጉ፤ ቤዝ አይሰማም ብለው ተዉት። እውነታቸውን ነበር። ለሁለቱ ጊታሮች ያለችን የድምፅ ማጉያ አንዲት ናት። እኔ ወፍራሙን ክር ስነካ እንደ ተሰነጠቀ ቅል ታንቋቋለች፣ ሊድ መቺው ዞር ብሎ ያፈጥብኛል፣ እኔ ድምፄን እቀንሳለሁ። ሁልጊዜ የምቀንሰው እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ ምእመናኑ አዋጡና ለቤዙ የራሱ ማጉያ ይገዛለት ተባለ።

ራዲዮና የልብስ ስፌት መኪና የሚሸጡ አንድ የስልጤ ሰው ነበሩ። ሐጂ እንላቸዋለን። ሁለት ማጉያ ከአዲስ አበባ አስመጡልንና መርጣችሁ አንዱን ውሰዱ አሉን። አንደኛው ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ ሣጥን ነው፤ ሁለት ሰው ካልያዘው ከመሬት አይነሳም። ሌላዋ ስፒከሯም ማጉያዋም በአንድ ላይ ያሉባት፣ አናቷ ላይ የቆዳ መያዣ ያላት፣ የዶሮ ቆጥ የምታክል ነበረች። ሐጂ ትንሿን ሰኩልኝ። ስትግል የጋለ አቧራና የቫርኒሽ ሽታ ሱቁን ሞላው። አንድ ክር ነካሁ። ወፍራም፣ ክብ፣ ንጹሕ ድምፅ ወጣ። መደርደሪያው ላይ የነበሩት የሻይ ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ሰማሁ።

እኔ ያልኩት ቀላል ነገር ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ለጉባኤ የምትወስዳቸው ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ነበሯት። ከትንሿ ፊት ማይክራፎን ቢቆም ለሕዝቡ የሚያሰሙት እነሱ ናቸው። እኔ የሚያስፈልገኝ አጠገቤ ሆና ለእኔና ለዘማሪዎቹ የምትሰማ ብቻ ናት። ሐጂም ትክክል ናት፣ ትንሿ ትበቃችኋለች አሉ። ትርፋቸው በትልቁ እንደሚበዛ እያወቁ ነው ይህን ያሉት።

የመዘምራኑ መሪ አስተማሪ ነበሩ፤ ደግ ሰው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ። ትልቁን ሣጥን እየዞሩ አዩት፣ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ለጌታ ትንሹን አንሰጥም» አሉ።

እኔ ግን መልስ አላጣም።

«መምህር፣ ማን ይሸከመዋል?»

«እናንተ አላችሁ አይደል?»

ክፋት አልነበረበትም። ልማዱ ነው። መዘምራኑ ወደ ገጠር ሲወጡ ወንዶቹ ጊታራቸውን አንግተው ከፊት ይሄዳሉ፤ ስፒከሩን፣ ነዳጁን፣ ምንጣፉን ሴቶቹ በገመድ አዝለው ይከተላሉ። እንጨትና ውኃ የለመደ ጀርባ ሁሉን ይችላል ተብሎ።

«እንግዲያው የመረጠ ይሸከም» አልኩ።

ሐጂ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ሳቁ። ሊድ መቺው ደግሞ ቤዙ ባይሰማም እሷ ትሰማለች ብሎ ወንዶቹን አሳቀ። ትልቁ ተገዛ።

በበልግ ለጉባኤ ወደ ቢጠና ሄድን። ሳንደርስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ይቀረናል። ሸክሙ ለሴቶቹ ተከፋፈለ። እኔ ጊታሬን እንደ ወንዶቹ አነገትኩና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የመረጥኩትን እሸከማለሁ፣ የመረጥኳት ግን ሐጂ ሱቅ ናት አልኩ። ወንዶቹ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። መምህር ሰዓታቸውን ያያሉ። ማንም ሣጥኑን አልነካም።

አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፤ ጎረቤቴ፣ ከፍተኛውን ድምፅ የምትዘምር፣ ሰው ፊት ቀና ብላ የማታይ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከባዱን ሁሉ እየተፈራረቅን ነበር የምንሸከመው። ከመንገዱ ዳር የእንሰት ቅጠል ቀጥፋ ጀርባዋ ላይ ደረበችና የቃጫውን ገመድ አነሳች። ወንዶቹን አሸክሙኝ አለቻቸው። አሸከሟት።

«አስቀምጪው» አልኳት። «አስቀምጪው አልኩሽ።»

«አንቺ እልህሽን ያዢ» አለችኝ፣ በለሆሳስ። «እኔ ይሄን እይዛለሁ። ሰው እየጠበቀን ነው።»

ከኋላዋ ሄድኩ። ተረከዟ ቀዩ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥና ሲወጣ፣ ገመዱ ሲጥ ሲጥ ሲል እሰማ ነበር። ልቀበላት ሦስት ጊዜ እጄን ዘረጋሁ፤ ሦስት ጊዜ መለስኩት። አሁን ካነሳሁት ዕድሜዬን ሙሉ አንሺ ይሉኛል ብዬ። ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ያ መንገድ አላለቀልኝም።

ቢጠና ደረስን። እዚያ የነበረው ትንሽ ጄኔሬተር ሣጥኑን አልቻለውም። ቤዙን ስመታ አምፖሎቹ ይደክማሉ፣ የሰባኪው ማይክራፎን ይታፈናል። ከሁለተኛው መዝሙር በኋላ መምህር አጥፊው ብለው በእጃቸው ጠቆሙኝ። የቀረውን ጉባኤ አጨበጨብኩ።

ያን ቀን ሲመሽ ትከሻዋን ቅቤ ቀባኋት። ገመዱ በግራና በቀኝ ቆዳዋን ልጦት ነበር። ይቅርታ ማለት ግን ሽንፈት መሰለኝ። ሶዶ ስንመለስ እናቷ ትከሻዋን አዩና ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጡ። ልጄን ለመዝሙር ሰጠኋችሁ እንጂ ለአጋሰስነት አልሰጠኋችሁም አሉ። ከዚያ በኋላ አልዘመረችም። ዓመት ሳይሞላ አረካ ተዳረች።

መምህር ትልቁን ሣጥን በጋሪ አስጭነው ለሐጂ መለሱና ትንሿን ይዘው መጡ። ተሳስቼ ነበር የምትል ቃል ከአፋቸው እስኪወጣ ጠበቅሁ። አልወጣችም። ትንሿን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ሄድኩ። ሁለተኛ ሰው አያስፈልጋትም ነበር።

በተከታዩ ዓመት ጉባኤው አረካ ሆነ። ማይክራፎን ከትንሿ ሣጥን ፊት አቆምን፤ እኔ አጠገቤ እሰማታለሁ፣ ትልልቆቹ ስፒከሮች ለሕዝቡ ያሰማሉ። ሁሉም እንዳልኩት ሆነ። ከሴቶቹ መካከል ጓደኛዬን አየኋት፤ ልጅ አዝላለች። አብራ ስትዘምር ከንፈሯን አየሁ እንጂ ድምጿን ለይቼ አላገኘሁትም።

ሲያልቅ መጣች። ሣጥኗን ቁልቁል ተመለከተቻት።

«ይቺን ነበር?»

«ይቺን ነበር» አልኳት።

ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠችኝና ሣጥኗን ብድግ አደረገቻት። ተዪ አልኳት፤ አልሰማችኝም። እሷ ሣጥኗን፣ እኔ ልጇን ይዘን መኪናው ድረስ ሄድን። ስለ አማቷ፣ ስለ በቆሎው አወራችኝ። በሩ ጋ ተለዋወጥን። ያቺን ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ ምን አልሽ ስትል ከንፈሯን አየሁ። ምንም አልኳት፣ በእጄ።

ሣጥኗ ጉልበቴ ላይ ገና ትሞቅ ነበር። ሶዶ ስንደርስ ቀዝቅዛለች።