አሥራ አንድ ቤት የዞረ መሶብ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የዙሌይካ ፎቶ ቤትና የእኔ ልብስ ስፌት በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ጠባይዋን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ጎረቤቷም ተጨቃጫቂዋም ነኝ። «አይሆንም» ካለች በበሬም ብትጎተት አትነቃነቅም።

ሥራዋ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲበላ ፎቶ ማንሳት ነው። የሰፈራችን ጉድ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ካሜራ ሊመጣ ነው ከተባለ ጠዋት የተቀቀለው ጎደሬ አልጋ ሥር ይገባል፤ ከቡና ቅጠል የተፈላው ጨሞ ከነማሰሮው ጓሮ ይወጣል፤ ከጎረቤታችን ከእትዬ የዓለምዘርፍ ቤት ቀዩ የእንጀራ መሶባቸው በሩጫ ይመጣል። አንድ ቀን ዙሌይካ ፎቶዎቹን ወለል ላይ ዘርግታ ስታይ፣ አሥራ አንድ ቤተሰብ አንዱን መሶብ ከቦ ፈገግ ብሏል። ክዳኑ ላይ ያለችው ጭረት እንኳ አንድ ናት። ከአሥራ አንዱ አንዱ የእኔ ቤት ነው። አፈርኩ፤ ለእሷ ግን አላመንኩላትም።

«የራስን ጥሎ የሰው አንጠልጥሎ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ብሩክ፣ ከእንግዲህ ያንን መሶብ ባነሳ እጄን ይቁረጠው!»

በዚያው ሰሞን አዲስ ምግብ ቤት የከፈተው ከፈለኝ «የአካባቢያችንን ገበታ አንስተሽ ግድግዳዬን ሙዪልኝ» አላት። ካሜራዋን አንግታ ከከተማ ወጥታ ሸኮ፣ ገበያ ላይ ኮረሪማ የሚሸጡት እማማ ሰርካዲስ ቤት ሄደች። እማማ እንደ ደንቡ ጎደሬውን ሊሸሽጉ ሲነሱ እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ ይተዉት። የሚበሉትን ይብሉ።»

«ልጄ፣ ሰው ይስቅብኛል።»

«ፎቶዎን ሚዛን ከተማ፣ ሰው ፊት በትልቁ እሰቅለዋለሁ። የሚስቅ ካለ በእኔ ይሳቅ።»

እማማ ብዙ ካቅማሙ በኋላ ተቀመጡ። ጎደሬውን በጣታቸው እየላጡ፣ የጨሞ ቅላቸውን ጉልበታቸው ላይ ደገፍ አድርገው ፎቶ ተነሱ። ሲሸኟት «ቃልሽን እንዳታጥፊ፤ ቅዳሜ ለገበያ ስመጣ አየዋለሁ» አሏት።

ከፈለኝ ፎቶውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «የድሃ ጓዳ ማን አምጪ አለሽ? እንግዳዬ ጥብስ አዝዞ ጎደሬ ይይ? መሶብ ያለበትን አምጪ።»

«ጋሼ፣ እርስዎስ ምን በልተው አደጉ?»

«እሱን ተይው!»

«እንግዲያው ግድግዳዎን ባዶውን ይዩት» አለችና ፎቶዎቿን ሰብስባ ወጣች። በሌላ አማርኛ አፍንጫህን ላስ ማለቷ ነው። እኔ ተናደድኩባት። እንዲህ ያለ ሥራ በየቀኑ አይገኝም። «አንድ መሶብ ብታነሺ ምን ትሆኛለሽ?» ብላት «እማማ ቅዳሜ ይመጣሉ» ብቻ አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በሱቆቻችን ደጅ፣ ከከፈለኝ ምግብ ቤት ፊት ለፊት፣ ሲባጎ ወጠረች። የእማማን ፎቶ በር በሚያህል ወረቀት አትማ መሃል ላይ ሰቀለችው። ገበያተኛው ተሰበሰበ። አንዱ ጎረምሳ «ጎደሬ ደግሞ ፎቶ ይነሳል?» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እማማ የኮረሪማ ቅርጫታቸውን እንዳዘሉ ደርሰው ነበር፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

እማማ ቅርጫቱን አውርደው ከፎቶው አጠገብ ቆሙ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ጎደሬውም የእኔ ነው። የተከልኩት እኔ፣ የቀቀልኩት እኔ። የሚስቅ ሰው እስኪ ዛሬ ቁርሱን ምን እንደበላ ይንገረኝ።»

ጎረምሳው ከሰዉ ኋላ ተሸሸገ። እሱም ጎደሬ በልቶ ነው የመጣው፤ እናቱን አውቃታለሁ።

ከሰዉ መሃል እትዬ የዓለምዘርፍ ብቅ አሉ። መሶባቸውን ታቅፈዋል፤ ፎቶ እነሳለሁ ብሎ ከተዋሳቸው ከአሥራ ሁለተኛው ቤት እያስመለሱት ነበር።

«ዙሌይካ፣ ሰፈሩን ሁሉ በመሶቤ ስታነሺ እኔን አንድ ቀን አላነሳሽኝም» አሉ።

«መሶብዎ መቼ ቤት ይውላል?»

«ነገ ጠዋት ነይ። መሶቡ ይቅር፤ እኔም ቁርሴ ጎደሬ ነው።»

እኔ መቀሴን አስቀምጬ ቤቴ ሄድኩ። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን የመሶብ ፎቶ አውርጄ ዙሌይካ ፊት አስቀመጥኩት።

«ይኼን ድገሚልን» አልኳት።

«ጎደሬ አላችሁ?»

«አልጋ ሥር አለ።»