ጠላትን ያስጠሙት ቧንቧ ሠራተኛ

ጋሽ ጠብታ በጦርነቱ ዘመን ሰላይ ነበሩ አሉ። የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ ቅጽል ስሙ የወጣላቸው የሦስተኛ ፎቅ ጠብታ መንገድ ላይ ሆነው ስለሚሰሙ ነው። አሁን ግን ወሬው ሌላ ነው፤ በአንድ እጃቸው ውኃ ዘግተው ሦስት ክፍለ ጦር አስጠምተዋል፣ ምስጢሩን ለሚስታቸው እንኳ ሳይተነፍሱ ኖረው በሰፈሩ እራት ላይ ተጋለጡ ይባላል።

እኔ ነገሩ አልዋጥልኝ ብሏል። ጦርነቱ ሲያልቅ የጋሽ ጠብታ እናት ገና ጥርስ አላወጡም ነበር። ይህን ካፌ ውስጥ ብናገር፣ «ታዲያ ሰላይ አይደሉ! ዕድሜያቸውንም ደብቀዋላ!» ተባልኩ።

ያየሁትን ልናገር። የሰፈሩ አዳራሽ «እራት በጦርነት ዘመን» አሰናድቶ ነበር። መስኮቱ በጥቁር ወረቀት ተሸፍኗል፣ በር ላይ ምግብ የሚያስገኝ የራሽን ካርድ ይታደላል፣ ጎረቤት ሁሉ ወታደር ወይም ነርስ ሆኗል። አንድ ጥብቅ ሕግም ወጥቷል፤ ጣሪያው ቢወድቅ እንኳ ተዋናይ ከሚናው አይወጣም።

የጋሽ ጠብታ ታናሽ እህት ለመቶ ሃያ ሰው ሾርባ ስትሠራ ሦስት ቀን ዓይኗን አልከደነችም። ልክ ሊቀርብ ሲል የኩሽናው ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ማጉረምረም ጀመረ። ለወንድሟ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ድረስልኝ! ድስቶቹ መሬት ላይ ናቸው፤ ይኼ ነገር ከፈነዳ ሾርባዬ አለቀለት!»

እሳቸውም ቱታቸውን እንደለበሱ፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከተፍ አሉ። በሩ ላይ ፀጉር አስተካካያችን የወረቀት ጢም ለጥፎ፣ ሻለቃ ሆኖ ቆሟል።

«ቁም! ከየትኛው ጦር ነህ?»

«አንተ፣ አታሹፍ! ዋናው ቫልቭ የት ነው?»

«ሰማችሁ? ውኃችንን ሊዘጋ የመጣ ሰላይ ነው!»

«ትናንት ጆሮዬን የቆረጥከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ጆሮው ላይ ምልክት አለው! ያዙት!»

«ኧረ ቧንቧው ሊፈነዳ ነው! እህቴን ጥሩልኝ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አንዲት እናት እንባቸውን እየጠረጉ «እህቴን አለ፤ አንጀቴን በላው» አሉ። እሳቸውን የሚያውቀው ሁሉ ራሳቸውን ሆነው የሚተውኑ መሰለው። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

የተሰበረ ወንበር የሚከማችበት ዕቃ ቤት «እስር ቤት» ተብሎ ነበርና እዚያ ወርውረው ቆለፉባቸው። ወዲያው ውኃው ከኩሽና ወጣ። ጫማችን ራሰ። «ምን ዓይነት ዝግጅት ነው፣ ወንዙንም አመጡት!» አለ አጠገቤ ያለው። እህትየው ማማሰያዋን እያወዛወዘች ወጥታ ብትጮህ፣ ለእሷም ተጨበጨበ።

ድስቶቹ ሊዋጡ ጣት ሲቀራቸው ውኃው በድንገት ቀጥ አለ። ለካ ዋናው ቫልቭ እስር ቤቱ ውስጥ ነው! ሾርባው በትኩሱ ቀረበ፤ ወሬውም አብሮት።

በማግስቱ ካፌው ውስጥ ልብስ ማጠቢያ የሚያህለው ሲንክ ሥር ተጋድመው ሲሠሩ አገኘኋቸው።

«ጋሽ ጠብታ፣ ቫልቩ እዚያ እንዳለ አውቀው፣ ሆን ብለው ነው የተማረኩት ይባላል።»

«ውሸት!» አሉ ከሥር። «ሰላይ አልነበርኩም፤ ጦርነት አላየሁም፤ ያን ዕለትም አልተወንኩም። ሲወረውሩኝ ቫልቩን ያገኘው ወገቤ ነው፤ ኋላ ዳብሼ ዘጋሁት። የእህቴ ሾርባ ተረፈ፤ እኔ ግን አልቀመስኩም፤ ካርድ የለህም ብለው ከለከሉኝ። በል፣ መፍቻዬን አቀብለኝ።»