ስሟ ያልታወቀው የሜፍራው ኮሪ አበባ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ስንት ጠብታ ይወጣዋል? አቶ አዘዘ ይህን የሚያሰላስሉት በሆላንዷ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ በሚባለው ሰፈር በተከራዩት፣ መዳፍ በምታህል የአትክልት ቦታ ተንበርክከው ነው። አገር ቤት ዕፅዋት ተምረው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የደረቀ ቅጠል በጋዜጣ መሀል እየተጫኑ ስም ሲሰጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሮተርዳም ላይ ዲፕሎማቸውን የሚያነብ ጠፍቶ የቢሮ ወለል ያጸዳሉ።

በፈረንጆቹ 2006 ግንቦት ላይ ጎረቤታቸው፣ የሰማንያ አራት ዓመቷ ሜፍራው ኮሪ፣ በእኛ አባባል ወይዘሮ ኮሪ፣ ከአጥር ማዶ ጠሯቸው። እናታቸው ከጦርነቱ በፊት የተከሏት፣ ቅጠል ሊረግፍ ሲል ብቻ የምታብብ አሮጌ አበባ አለቻቸው። ሦስት ችግኝ ሻጮች ሦስት የተለያየ ስም አውጥተውላታልና ትክክለኛውን እንዲነግሯቸው ጠየቁ።

አቶ አዘዘ ግንዷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ጠጉራም ነው፤ ቅጠሏም ግንዱን አቅፎታል።

«ወገኗ አስተር ነው። የራሷን ስም ግን አሁን አልነግርዎትም።»

«ለምን?»

«የዚህ ዓይነቱ አበባ ፊቱ ያታልላል። አንድ የሚመስለው መቶ ትናንሽ አበባ ነው። እውነቱ ያለው ከጀርባው ነው። ስታብብ ገልብጬ አያታለሁ፤ ሲመሽ ትከደን እንደሆነም እጠብቃለሁ።»

«እንግዲያው እስከ መስከረም አልሞትም፣ ፕሮፌሰር!»

ፕሮፌሰር። በአሥራ አራት የስደት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠራቸው አልነበረም። ሌላው ሁሉ ፊታቸውን አይቶ ያልፋል፤ ገልብጠው ያዩአቸው ሜፍራው ኮሪ ብቻ ነበሩ።

ነሐሴ ላይ ሞቱ። የአትክልተኞቹ ማኅበር ደንብ የሟች ቦታ ተመንጥሮ ለተረኛ ይሰጥ ይላል።

ወደብ ላይ የሚሠራው የአቶ አዘዘ ልጅ ናቲ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ።

«አባዬ፣ አካፋ አንሣና ንቀላት! ማን ያይሃል?»

«የሙት ቦታ ሳላስፈቅድ? ምን፣ ሌባ ነኝ?»

«አንተ ደግሞ! ለሣር ማመልከቻ ልትጽፍ ነው?»

«ልጽፍ ነው።»

ጻፉ። ቀኑ፣ ጉዳዩ፣ ፊርማው፣ አንድም አልጎደለ። ናቲ እየተነጫነጨ ወደ ደች ቋንቋ መለሰላቸው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ተቀብሎ «እናየዋለን» አለ። ማመልከቻ መልስ አለው ብለው ሲያምኑ የኖሩ ሰው ናቸውና ጠበቁ። በየቀኑ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው ያዩአታል። የእምቡጦቹ ጫፍ ወይን ጠጅ መምሰል ጀምሯል።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ሲመለሱ ማሽን ቦታውን ገልብጦታል፤ ሥር የሚባል አላስቀረም። ከአጥሩ ሥር አንድ የተሰበረ ግንድ አገኙ፣ እምቡጡ እንደተጨበጠ። ቤት ወስደው እንደ ድሮው በጋዜጣ መሀል ተጫኑት፤ በወረቀቱም ላይ «አስተር፤ ስሟ አልታወቀም» ብለው ጻፉ።

ለማመልከቻው እስከ ዛሬ እሺም እምቢም ያላቸው የለም። ግልባጩ ከደረቀው ግንድ ጋር አንድ ላይ ተቀምጧል፦

«ጉዳዩ፦ አበባዋ እስክትከፈት ድረስ ሦስት ሳምንት እንዲታገሡልኝ ስለመጠየቅ።»