በአንድ ዓይን የተሳልኩበት ግድግዳ

ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ስለኖረ አንድ ሠዓሊ ከብዙ የተማረ ሰው የበለጠ አውቃለሁ። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ ሰው ነው። እናቱ ልጆቿን ይዛ ከከተማ ከተማ መንከራተቷን፣ መንግሥት አውሮፓ ልኮ እንዳስተማረው፣ ተመልሶ በመጀመሪያ የጄኔራሎችንና የባለጠጎችን መልክ፣ ቀጥሎም የአገሩን ታሪክ በትልልቅ ሸራ ላይ እንደሳለ አውቃለሁ። ልጆቹ ቀድመውት ሞተው እሱም በሰው አገር ብቻውን ሲሞት አልቅሼለታለሁ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ወንድሜ ነው። የነገረኝም አንገቴን ሳላነቃንቅ እንድቀመጥለት ነው።

ትውልዳችን ቢቸና ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ስለነበሩ ከሞጣ ወጣ ብሎ አዲስ የታነጸው የዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሲጠራቸው ጓዛችንን ጠቅልለን ሄድን። እናቴ የሞተችው ወንድሜ የወተት ጥርሱን ሳይነቅል ነው። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አስተማሪ ሆኜ ደመወዝ ማግኘት ስጀምር አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ እሱ ቀለም እንዲገዛ እኔ ጫማዬን እያሰፋሁ ከረምኩ። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። እሺ፣ ለመቁጠርም ነው።

ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ ያንን የሠዓሊውን ታሪክ የያዘ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በብብቱ ሸጉጦ መጣ። ደብሩም የመቅደሱን ግድግዳ እንዲስል ሥራውን ለሱ ሰጠው። የት ቦታ ምን ይሳል የሚለውን ከመጽሐፍ እያወጡ የሚነግሩት አባታችን ነበሩ።

ወንድሜ እንደ ቀድሞዎቹ ሠዓሊዎች ከልቡ አውጥቶ መሳል አልፈለገም። ያ የባሕር ማዶ ሰው ለታሪክ ሥዕሎቹ ጎረቤቶቹንና ዘመዶቹን እያስቀመጠ ይስል ነበር አለኝ።

«እታለም፣ አንቺን የዮሐንስን እናት ኤልሳቤጥን አደርግሻለሁ።»

«ኤልሳቤጥ አሮጊት አይደለችም እንዴ? ባል ሳላገባ ልታስረጀኝ ነው?»

«ትንሽ ሽበት ጣል አደርግብሻለሁ፤ ምን ቸገረሽ።»

ሳቅሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳችን ላይ እቀመጥለት ጀመር። መጀመሪያ በጎን፣ ከዚያ ፊት ለፊት ሳለኝ። የቅኔ መምህር ልጅ ነኝና በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሳል ከልጅነቴ አውቃለሁ። በጎን ዙሪ ሲለኝ ጠይቄዋለሁ። «የዘመናዊ ትምህርት ነው፤ አፍንጫውን ካላወቅሁ ፊቱን አላውቀውም» አለኝ። አመንኩት። ባላምነው ኖሮ ማንን ላምን ነበር?

እሱ ግራ እጁ ላይ መጽሐፉን ዘርግቶ በቀኙ እየሳለ የዚያን ሰው ሕይወት ወደ አማርኛ እየመለሰ ያወራልኛል። ሠዓሊው እናቱን እንዴት እንደሳላት ያወራልኝ ቀን እኔም ስለ እናታችን አሰብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ሰው አጠገቤ እንዳለ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሥዕሉን አቡጀዲ ላይ የሚሠራው ደብሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር፤ አልቆ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍም በመጋረጃ ተሸፈነ። የተገለጠው ሰኔ ሠላሳ፣ በዮሐንስ ልደት ነው። ዝናብ ነበር። ዘመዶቻችን ከቢቸና ድረስ መጥተዋል። እኔም አዲስ ነጠላ አድርጌ ሴቶቹ መካከል ቆሜያለሁ።

መጋረጃው ሲሳብ እልል ተባለ። ኤልሳቤጥን ፈለግኋት። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት የባላባቱ ሚስት ናት፤ ሁለት ዓይኗን አፍጥጣ ታየናለች። ካህኑ ዘካርያስ አባቴ ናቸው፤ ጥና ይዘዋል፤ ጢማቸው እንኳ አልቀረም። ከዚያ በታች የሄሮድስ ግብዣ አለ። ዘፍና የዮሐንስን ራስ አስቆርጣ በወጭት የተቀበለችው የሄሮድያዳ ልጅ በጎን ቆማለች። አንድ ዓይን። አፍንጫው የኔ ነው። አንገቴ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር አለች።

አንዱ ተማሪዬ «አስተማሪያችን ናት» አለ። እናቱ አፉን ያዘችው። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች አልሰደቡኝም፣ አልሳቁም፤ ትንሽ ፈቀቅ ብቻ አሉ። የተሰደብኩ ያህል ሰውነቴ ጋለ።

ወንድሜን ደጀ ሰላሙ ጋ አገኘሁት። ሰው ከቦ ያመሰግነዋል። ለብቻው ሳብኩት።

«ምነው? ምን አደረግሁህ?»

«እታለም፣ የተሳካልኝ የጎኑ ነው። ከሥራዬ ሁሉ እንደሱ ያማረልኝ የለም፤ አላየሽውም?»

ዓይኔን እያየ ነው ይህን ያለኝ። በእውነት የሚያስደስተኝ መስሎት ነበር። ያሳደግኩት ልጅ እኔን ሳይሆን አፍንጫዬን ሲያይ እንደከረመ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጠላሁት።

አንድ ተስፋ ቀርቶልኝ ነበር። አባቴ አንድ ቃል ቢናገሩ ያ ፊት በማግስቱ ይፋቃል። በዚያ ደብር የሳቸውን ቃል የሚያልፍ ሰው የለም። ከቅዳሴ በኋላ ጎጇቸው ገባሁ፤ ፊቴን ሲያዩ ተማሪዎቻቸውን አስወጡ።

«አባባ፣ እባክዎ ያስፍቁልኝ። ከእንግዲህ እነዚያ ልጆች ፊት እንዴት እቆማለሁ? ማንስ ያገባኛል?»

ጭራቸውን አንስተው ዝንብ የሌለበትን አየር መቱ።

«እሱ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ያልኩት።»

አልገባኝም።

«ለዚያች ለዘፋኟ የሴት ልጅ መልክ ስጡኝ አለኝ። የማንን ልጅ ልስጠው? የባላባቱን ልጅ? የገበሬውን? አገሩ ይቀየመናል፤ ሥራውንም ይነጥቁታል። የእትህን ሳል አልኩት። ኤልሳቤጥ ነሽ በላት፣ አለዚያ አትቀመጥልህም ያልኩትም እኔው ነኝ።»

«እርስዎን ግን ዘካርያስ አድርጎዎታል።»

«አዎ፣ እሱስ አድርጎኛል» አሉ። ደስታቸውን ለመደበቅ ጢማቸውን ዳበሱ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ። «ሌላዋ አትችለውም፣ ልጄ። አንቺ የኛው ነሽ።»

እናቴ ከሞተች ጀምሮ፣ ቤታቸውን ስይዝ፣ ልጃቸውን ሳሳድግ፣ ይህችን አንዲት ቃል ከአፋቸው ስጠብቅ ነበር የኖርኩት። የሰጡኝ ያን ቀን ነው።