ኦርጋኑ ያቃተው ርክርክ

አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ የዜማ መምህር ነበሩ፤ ፊደልም ዜማም የተማርኩት እሳቸው ዘንድ ነው። የፈረንጅ ሚሲዮን የገባሁ ዕለት "ከእንግዲህ አላውቅህም" አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ የማን ልጅ ሆኜ! ውስጤ ግን ያርር ነበር።

ጣሊያን የሚሲዮኑን ፈረንጆች አባሮ ቤታቸውን ለወታደር ሲይዘው፣ የጸሎት ቤቱን ኦርጋን በሸክም አውጥተን አንድ ሣር ቤት አስገባነው። ወናፉ ተቀዶ ስለነበር በፍየል ቆዳ ጠገንነው። ጸሎታችንም እዚያው ሆነ። ያን ጊዜ ነው አባቴ በዐቢይ ጾም የሚያዜሙትን አንድ መዝሙር ለኦርጋን ላስማማ ብዬ የተነሳሁት። እውነቱን ልናገር፤ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ በደጃችን ያልፋሉ፣ እንዲሰሙኝ ነው። ምናልባት ያነጋግሩኝ ይሆናል ብዬ።

ኦርጋኑን የምንጫወተው ለሁለት ነበር። በሚሲዮኑ ክሊኒክ ቁስል ያጥብ የነበረ ጓደኛዬ ወናፉን እየረገጠ የታችኛውን ወፍራም ድምፅ ይይዛል፤ እኔ ዜማውን ከላይ እመታለሁ። የሚሲዮኑ መዘምራን ይቀበሉናል። ችግሩ ርክርኩ ላይ መጣ። ርክርክ ድምፅ በጉሮሮ እየተንቀጠቀጠ የሚወርድበት ቦታ ነው። የኦርጋን ቁልፍ ደግሞ አይንቀጠቀጥም፤ ወይ ይህ ነው ወይ ያ። ሳምንት ሙሉ ታገልኩ።

"ተወው በቃ፣ ማን ያውቅብሃል?" አለኝ ጓደኛዬ።

ሰለቸኝና ቆርጬ አወጣሁት፤ ቀጥ ያለ አንድ ድምፅ ተካሁበት።

እሁድ መስኮቱን አስከፍቼ ጀመርን። መዘምራኑ አሳመሩት። የአባቴ ጥምጣም በመስኮቱ ሲያልፍ አየሁ፤ ከዚያ ቆመ። ርክርኩ የተቆረጠበት ቦታ ስንደርስ መስኮቱን በመቋሚያቸው መቱት።

"ቁም! ርክርኩን የት ጣልከው?"

መዘምራኑ አንገታቸውን ደፉ።

"ይቅር ይበሉኝ የኔታ፣ ኦርጋኑ አይችለውም" አልኩ።

"እሱ ባይችል አንተ ጉሮሮ የለህም? ድገም!"

ጓደኛዬ የታችኛውን ድምፅ ብቻ እንዲይዝ ነግሬው ተነሳሁና በጉሮሮዬ አወረድኩት። ሁለት ጊዜ ሳትኩ። ሁለቱንም ጊዜ "አንተ ደንቆሮ!" ብለው ሰደቡኝ። ስድቡ እንዴት አንጀቴን አራሰው!

በሦስተኛው ርክርኩን ይዤው ነበር። ከወጣልኝ ጥለውኝ ይሄዳሉ ብዬ፣ ሆን ብዬ ሳትኩት።