አረንጓዴው ውርንጭላ

ታላቅ እህቴን ቤተሰቡ ሁሉ «እቴቴ» ይላታል፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለትምህርት ቤቶች ግድግዳ የሚሰቀል ሥዕል ስትሥል ኖረች፦ ልብ፣ ሳንባ፣ የበቆሎ ሥር። ከአንዱም ግርጌ ስሟ አልተጻፈም። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ሲቀራት ሐኪሙ የዓይኗ ነርቭ እየደከመ መሆኑን ነገራት። «መጀመሪያ ቀለም ይሄዳል፤ ቅርጽ ደግሞ ቀስ ብሎ ይከተላል» አላት። ከዚያ ስንወጣ ቀጥታ ወረቀት መሸጫ ገባች።

ከልጅነቷ ጀምሮ በሆዷ የያዘችው አንድ ተረት ነበር፤ ከጥላው ጋር ስለተኳረፈ ውርንጭላ። ዓይኗ ሳይጠፋ በገዛ እጇ ሥላ፣ በራሷ ወጪ አሳትማ፣ ስሟ ያለበት አንድ መጽሐፍ ማየት ፈለገች። ለራሷ ስትመኝ ያየሁት ይህንኑ ብቻ ነው።

የጨረሰችውን ገጽ ደግሞ በየእሁዱ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታወጣዋለች። ደሜ ፈላ።

«በነጻ ያየውን ማን ገዝቶ ያየዋል? አብደሻል እንዴ እቴቴ?»

«የሚገዛ ይገዛል» አለችኝ ብሩሿን ሳታነሳ። «መጽሐፍ የሚገዛለት የሌለው ልጅስ?»

የምንኖረው ከእናታችን በቀረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የአልጋ ልብስ አጣቢ ነኝ፤ አቧራ ካየሁ እጄ አያርፍም። ፊደል ስለሚያደክማት ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉላትን የማነብላት እኔ ነኝ። አንዲት የሙአለ ሕጻናት መምህርት ገጾቹን እያተመች ለተማሪዎቿ ታነብ ነበር፤ የእሷ መልእክት ሲመጣ እቴቴ ሁለቴ ታስነብበኛለች።

የቀለም ቱቦዎቿን የመስኮቱ ደፍ ላይ በሰልፍ ታቆማቸዋለች፤ በግራ ጫፍ ነጩ፣ ቀጥሎ ጥቁሩ፣ ከዚያ ሌሎቹ። የአመል ነገር መስሎኝ ነበር። ለካ ቀለም መለየት አቁማ፣ ከግራ እየቆጠረች ነበር የምታነሳቸው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔም።

አንድ ቅዳሜ ደፉን በሳሙና አጠብኩና ቱቦዎቹን በቁመታቸው ደረደርኳቸው። ደስ አለኝ፤ ተማሪ ቤት ሰልፍ የያዙ ልጆች መሰሉ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አሥራ ሰባተኛው ገጽ ጠረጴዛው ላይ ይደርቃል። ውርንጭላው ቀደም ብላ በቀባችው ሣር ላይ ተጋድሟል፤ ጥላው ከጎኑ ተኝቷል፤ ታርቀዋል። ውርንጭላው ግን አረንጓዴ ነው። ግራጫውን የምትሠራው ሁለት እጅ ነጭና አንድ እጅ ጥቁር ቀላቅላ ነበር፤ እኔ በጥቁሩ ቦታ ያቆምኩት አረንጓዴውን ነው። ከግራ እየቆጠረች እንደምታነሳቸው ገባኝ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ። ፊቷ በርቷል።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። «ያምራል» አልኳት።

ገጹ በዚያው እሁድ ወጣ። «ልጄ ለምን አረንጓዴ ሆነ እያለች ታደርቀኛለች» ብሎ አንድ አባት ጻፈ። ሌላዋ «ሣር ሲበላ ውሎ ነው» ብላ መለሰችለት። እነዚህን እየዘለልኩ «እናመሰግናለን» የሚሉትን ብቻ አነበብኩላት። ቱቦዎቹን ወደየቦታቸው መለስኳቸው፤ ከአሥራ ስምንተኛው ገጽ ጀምሮ ውርንጭላው ግራጫ ሆነ። ሥዕሎቹ ማተሚያ ቤት ሲገቡ ደግሞ ለኮምፒውተር ባለሙያው ነገርኩት፤ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አሥራ ሰባተኛውንም ግራጫ አደረገልኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው የእኔ ሥራ ነው።

መጽሐፉ ሲመጣ ቅርጹም እየሸሻት ነበር። ወደ መስኮቱ አስጠግታ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስሟን በጣቷ ዳሰሰችው፤ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ለቅሶ ግን ሌላ ነበር።

መምህርቷ መጥታችሁ አንብቡልን አለችን። ከትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን፤ እኔ አነባለሁ፣ እቴቴ ክንዴን ይዛ ታዳምጣለች። አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ ብድግ አለች።

«ይሄ የኛ አይደለም! የኛ አረንጓዴ ነው!»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ! አረንጓዴ ነው!» አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔን ግን ሕጻናት አጠሩት። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ገጽ እየጠቆመች «ከጥላው ጋር ሲታረቅ ሣሩ ላይ ስለተኛ እኮ ነው፤ በኋላ ታጠበ» ብላ አስረዳችን።

የእቴቴ እጅ ከክንዴ ላይ ተነሳ። ልጆቹ ወዳሉበት ዞራ ፈገግ አለች። «ልክ ናችሁ» አለቻቸው። «አረንጓዴ ነው።»

ቤት ገብታ ከተቀመጠች በኋላ፣

«መቼ ነው ያየሽው?» አለችኝ።

«የዚያኑ ዕለት። ቱቦዎቹን ያዘበራረቅኋቸው እኔ ነኝ፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እቴቴ።»

«አንድ ቀን ቢበቃኝ ነው፣ ደግሜ እሥለው ነበር። ወይም እንዳለ እተወው ነበር። የእኔ ገጽ እኮ ነው። ቀለሙ ሲሄድ ያልጮህኩት ለምን ይመስልሻል? እህቴ አለችልኝ ብዬ ነው።»

ከተደረደሩት የመጽሐፏ ቅጂዎች አንዱን አወጣች፤ በጣቷ ቆጥራ አሥራ ሰባተኛውን ገጽ ከፈተችና ብሩሿን ያዘች።

«አረንጓዴውን አቀብይኝ።»

ከደፉ ላይ አንስቼ መዳፏ ላይ አኖርኩላት። ክዳኑን አልከፈተችም።

«አረንጓዴ ነው?»

«አዎ፣ እቴቴ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

አብረን ስንኖር ይህን ያህል ዓመት፣ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።